አንድ መቶ ሚሊ ለሁሉም?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ዋይት ሴንተር ውስጥ፣ ሮክስበሪ ጎዳና ላይ ኤች አውቶቡስ የሚጠብቁትን ሰዎች ይመልከቱ። 48 ኪሎ የሚሆኑ ካምቦዲያዊት አያት አሉ፤ 110 ኪሎ የሚመዝን ሳሞአዊ ጎልማሳ አለ። ሁለቱም ለሆድ ሲቲ ስካን ቢታዘዙና ለሁሉም አንድ ልክ የሚሰጥ ቦታ ቢሄዱ፣ እኩል 100 ሚሊ ሊትር ኮንትራስት፣ ማለትም ፊልሙን የሚያጎላ ፈሳሽ፣ በደም ሥራቸው ይሰጣቸዋል። ይኼ ትክክል ነው ብለው ያምናሉ?

አንጋፋው፦ ብዙ ቦታ በኪሎ ማስላት መጀመሩን አውቃለሁ። በአንድ ልክ የሚሠሩትን ግን እንደ ሰነፍ አልቆጥራቸውም። ጎንደር ራጅ ክፍል ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ እዚህ ሲቲ ላይ እስከሠራሁበት ድረስ ያየሁት፣ ትእዛዙ ቀላል ሲሆን ስሕተቱ ማነሱን ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከመኪና አደጋ የመጣ ሰው ፊትሽ ተኝቶ፣ 100 ማለት 100 ነው። ቀመር ስታስገቢ አንድ ተጨማሪ መሳሳቻ አስገባሽ።

ወጣቷ፦ ለሕፃናትስ? ለሕፃን ማንም 100 አይሰጥም። የአምስት ዓመት ልጅ ሲመጣ ከሌሊቱ 9 ሰዓትም ቢሆን ክብደቱ ይጠየቃል፤ በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰላለታል፤ ከበደን የሚል ባለሙያ የለም። ታዲያ ያ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ሰውነቱን መለካት የምናቆመው በምን ምክንያት ነው? የካንሰር ሕመምተኛውስ? ኬሞቴራፒው በቁመቱና በክብደቱ ተሰልቶ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ዕጢውን ቀንሶት እንደሆነ ለማየት ሲቲ ሲነሣ ግን ከማንም ጋር እኩል ይወጋል።

አንጋፋው፦ ኬሞ መርዝ ነው፤ ትንሽ ቢበዛ ይገድላል። ኮንትራስት እንደዚያ አይደለም። ኩላሊት ይጎዳል የሚለው ፍርሃት ራሱ ከልኩ በላይ ተጋንኖ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅና ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በጋራ ባወጡት መግለጫ ይኼንኑ ብለዋል፤ ዋናው ጥንቃቄ የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም ከ30 በታች ለወረደባቸው ሰዎች ነው። አለርጂውም ቢሆን በመጠኑ የሚመጣ አይደለም፤ የሚያመው ሰው በትንሹም ያመዋል። እንግዲህ አያቲቱ 30 ሚሊ ቢተርፋቸው ምን ሆኑ? ትንሽ ሙቀት ተሰማቸው፣ ሸኑት፣ አለቀ።

ወጣቷ፦ ለአያቲቱ የሚተርፈውን ብቻ እያሰቡ ለጎልማሳው የሚጎድለውን ዘለሉት። ቁጥሩን አብረን እናስላው። ኮንትራስቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 350 ሚሊ ግራም አዮዲን ያለው ይሁን። 100 ሚሊ ማለት 35 ግራም አዮዲን ነው። ለአያቲቱ በኪሎ ወደ 730 ሚሊ ግራም ይደርሳቸዋል፤ ለጎልማሳው ግን 320 እንኳ አይሞላም። ጉበትን በቅጡ ለማየት በኪሎ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል የሚለው ልኬት ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። እኔ የምፈራው ለእሱ ነው። ጉበቱ ላይ ያለ ትንሽ ዕጢ ሳይታይ «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ቢመለስስ?

ታካሚዋ፦ ልጄ፣ ይቅርታ፣ ልጠይቅሽ። እኔም ማክሰኞ ለሆድ ሲቲ ቀጠሮ ተይዞልኛል። አዮዲን የምትይው ጨው ውስጥ ያለው ነው? እሱ ደግሞ ዕጢን እንዴት ያሳያል?

ወጣቷ፦ አዎ እማማ፣ ያው አዮዲን ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር በጥብቅ ታስሮ በፈሳሽ የተዘጋጀ። ራጅ የሚባለው ጨረር ሥጋን በቀላሉ ያልፋል፤ አዮዲን ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ አዮዲን የያዘ ደም የደረሰበት ቦታ ሁሉ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሲቲው ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ቁጥር ይሰጣል። ውኃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። መለኪያው ሃውንስፊልድ ይባላል፤ በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ በሲቲ እንዲታይ ያደረገው፣ በ1979 ደግሞ ከኮርማክ ጋር ኖቤል የተሸለመው መሐንዲስ ስም ነው። ጤነኛ ጉበት ያለ ኮንትራስት 50 ወይም 60 ላይ ይቆማል። ኮንትራስቱ ቢያንስ ሌላ 50 ሊጨምርለት ይገባል። ከአንጀት ወደ ጉበት የተዛመቱ ብዙ ዕጢዎች አዮዲኑን እንደ ጉበቱ አይጠጡም፤ ጉበቱ ሲነጣ እነሱ ጠቁረው ይቀራሉ። ጉበቱ ካልነጣ ግን ሁለቱ ተመሳስለው ያልፋሉ።

ታካሚዋ፦ እንግዲያማ ለሁለት ሰው ድስትና ለሠርግ ድስት አንድ ማንኪያ ጨው አይጨመርም። ይኼ ምኑ ያከራክራል?

አንጋፋው፦ የሚያከራክረውማ ድስቱ የቱ እንደሆነ ነው፣ እትዬ። ወጣቷ «ክብደት» ትላለች። ሚዛን ላይ የሚወጣው ግን ደም ብቻ አይደለም። ስብም አብሮ ይመዘናል፤ ስብ ውስጥ ደግሞ የሚዘዋወረው ደም ጥቂት ነው። ቁመታቸው እኩል 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሁለት ሴቶች ውሰጂ፤ አንዷ 55 ኪሎ፣ ሌላዋ 110። በክብደት ካሰላሽ ሁለተኛዋ እጥፍ ትወስዳለች። ስብ የሌለውን አካል በሚለካው በቦር ቀመር ብታሰሊው ግን የመጀመሪያዋ 41 ኪሎ፣ ሁለተኛዋ 55 ኪሎ ይወጣሉ። ሚዛኑ እጥፍ ሲል፣ ኮንትራስቱን የሚቀበለው አካል የጨመረው በሲሶ ነው።

ወጣቷ፦ ይኼንን አልክድም።

አንጋፋው፦ ቆዪ፣ ልጨርስ። በኪሎ 520 ሚሊ ግራም ብትይ፣ ለቀጭኗ 82 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል። ለወፍራሟ በሚዛን 163 ሚሊ ትሰጫታለሽ። ስብ በሌለው አካል ካሰላሽ ግን ከ82 በሲሶ የሚበልጥ፣ 110 ገደማ ይበቃታል። አሁን ተመልከቺ፤ የናቅሽው አሮጌ 100 ከ110 በ10 ብቻ ይርቃል። ሳይንስ ያልሽው የሚዛኑ ስሌት በ53 ሳተ። ማን ነው የተሳሳተው?

ወጣቷ፦ ለእሷ ሚዛኑ ሳተ፤ እውነት ነው። ለዚያም ነው ብዙዎች በክብደት ሲያሰሉም ከላይ ጣሪያ የሚያበጁለት፤ ሌሎች ደግሞ ቁመት ጨምረው ስብ በሌለው አካል የሚያሰሉት። ግን ከአንድ ሴት ተነሥተው ለሁሉም አይፍረዱ። ለቀጭኗ 82 በሚበቃበት ቦታ የእርስዎ 100 አሁንም ትርፍ ነው። ለ48 ኪሎዋ አያት ደግሞ 71 ይበቃል። ጎልማሳው ሳሞአዊ 1 ሜትር ከ80 ቢሆንና ክብደቱ ጡንቻ ቢሆን፣ 100 በጣም ያንሰዋል። የእርስዎ ቁጥር ልክ የሚሆነው በአጋጣሚ መሐል ላይ ለቆመ ሰው ነው።

አንጋፋው፦ ቁመት፣ ክብደት፣ ጾታ፤ ሦስት ጥያቄ ሆነ። ጡንቻ ወይስ ስብ የሚለው አራተኛው ነው። ቀመሮቹም ከኢትዮጵያውያን ወይም ከሳሞአውያን አካል ተለክተው የተሠሩ አይደሉም። አሁን ደግሞ ወደ ልብ ልምጣ። ልቡ የደከመ ሰው ላይ ኮንትራስቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ክብደቱን እስከ ግራም ብታውቂ፣ ቶሎ ካነሣሽው ባዶ ደም ሥር ነው የምታነሺው።

ወጣቷ፦ ጊዜውን ማሽኑ ይጠብቃል። ዋናው ደም ወሳጅ ላይ ምልክት እናደርጋለን፤ ነጭነቱ ከተወሰነው ቁጥር ሲያልፍ ማንሣት ይጀምራል። ደም ሥርን ለማየት የሚወስነው በሰከንድ የሚገባው መጠንና የልብ ጉልበት ነው፤ ጉበትን ለማየት ግን የሚወስነው የገባው አዮዲን ድምርና የሰውየው ግዝፈት ነው። ሁለቱን ካልለየን እንደተከራከርን ይመሽብናል።

አንጋፋው፦ ደግ። እንግዲያው ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ፤ እሱም እዚሁ ዋይት ሴንተር ያለ ነው። እዚህ አገር ክብደት የሚነገረው በፓውንድ ነው። የእኛ ሰው ስንት ትመዝናለህ ሲባል በኪሎ ይናገራል፤ ያውም ከአገሩ ሲወጣ የተመዘነውን። አስተርጓሚው በስልክ ቁጥሩን ብቻ ያስተላልፋል፤ «ስልሳ» ይላል። ጸሐፊው ፓውንድ በሚለው ሣጥን ውስጥ 60 ይጽፋል። ኮምፒውተሩ 27 ኪሎ አድርጎ ይቀይረዋል። በአንቺ ስሌት 89 ሚሊ የሚገባው ሰው 40 ሚሊ ይሰጠዋል፤ ያ ፊልም ከንቱ ነው። በእኔ 100 ግን ይኼ ስሕተት ሊደርስ አይችልም። ቋንቋም፣ ፓውንድም፣ ያረጀ ትዝታም አይነካውም።

ወጣቷ፦ ይኼ ከሁሉም የከበደው ነው።

አንጋፋው፦ ስለዚህ?

ወጣቷ፦ ስለዚህ አንጠይቅም፤ እንመዝናለን። የአሜሪካ የመድኃኒት ደኅንነት ተቋም ከ2014 ጀምሮ የሚያሳስበው ይኼንኑ ነው፤ ታካሚ ይመዘን፣ ክብደቱም በሜትሪክ ብቻ ይጻፍ። ያ የፓውንድና የኪሎ ስሕተት ኮንትራስት ላይ ብቻ መሰለዎት? የደም ማቅጠኛውም፣ አንቲባዮቲኩም፣ የሕፃኑ ሽሮፕም በዚያው በተሳሳተ ቁጥር ይሰላል። 100 ስለሰጡ ስሕተቱን አላረሙትም፤ ከዓይንዎ አራቁት እንጂ። ሌሎቹ ክፍሎች በዚያው ቁጥር ይሠሩበታል።

አንጋፋው፦ ከመኪና አደጋ የመጣው ሚዛን ላይ ይቆማል?

ወጣቷ፦ አይቆምም። የሚመዝን አልጋ ካለ በአልጋው፣ ከሌለ ለእሱ አንድ ልክ ይሰጠው፤ ሕይወቱ ነው የሚቀድመው። ግን ለሆድ ሲቲ ከሳምንት በፊት ቀጠሮ ተይዞላት፣ በእግሯ መጥታ፣ መጠበቂያ ክፍል ተቀምጣ የምትጠብቅን ሴት በአደጋ ሰው ሕግ አናስተናግዳት።

ታካሚዋ፦ እኔን ለማለት ነው። በፊት በሌላ ቦታ ስነሣ የመዘነኝ የለም። «አለርጂ አለሽ? እርጉዝ ነሽ?» ብለውኝ አለፉ፤ በዚህ ዕድሜዬ እርግዝና ጠየቁኝ እንጂ አንገቴን ያየ የለም። እኔ ወጣት ሳለሁ ጀምሮ እንቅርት አለብኝ። እናቴም ነበረባት። አዮዲኑ ለእሱ ምን ያደርጋል?

አንጋፋው፦ እትዬ፣ ይኼ ትልቅ ጥያቄ ነው። በአገራችን ደጋ አዮዲን ጠፍቶ ስንት ሰው አንገቱ አበጠ። ከኤርትራ ጋር ከነበረው ጦርነት በፊት ከአሰብና ከምጽዋ የሚመጣው ጨው አዮዲን ነበረው፤ ከ1998 በኋላ ወደ አፍዴራ ጨው ስንዞር ለዓመታት ያለ አዮዲን በላን፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። ይኼ ሁሉ እንግዲህ በፈረንጆች ቁጥር። ለረጅም ጊዜ አዮዲን የራበው፣ ጉብጉብ ያለው እንቅርት ድንገት ብዙ አዮዲን ሲደርሰው፣ በሳምንታት ውስጥ ሆርሞኑን ያለ ልክ ሊያመነጭ ይችላል። ልብ ይመታል፣ ሰውነት ይከሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ወጣቷ፦ አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም አዮዲን ነው፤ ከ35 ግራም ጋር ሲያስተያዩት ልኩ ይታያል።

አንጋፋው፦ ይታያል፤ ግን አንቺን አይረዳሽም። ከኮንትራስቱ አዮዲን አብዛኛው ታስሮ ገብቶ ታስሮ ይወጣል። ከእስሩ የሚፈታው ጥቂቱ ብቻውን ለእንቅርቱ ከበቂ በላይ ነው። 100ውን ወደ 70 ብታወርጂው ያው ነው፤ እንቅርቱ ልዩነቱን አያውቀውም። እትዬን የሚያድናቸው ቀመር አይደለም። የሚያድናቸው አንድ ሰው ቀና ብሎ አንገታቸውን ማየቱ፣ ለሐኪሙ መንገሩ፣ ከሲቲው በኋላ የታይሮይድ ደም ምርመራ መታዘዙ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ቁጥሩ በኮምፒውተር ሲሰላ ባለሙያው ዓይኑን ከታካሚው ላይ እንዳያነሣ ነው። «ለእርስዎ ተሰልቷል» የሚል ወረቀት አንገት አያይም።

ወጣቷ፦ እኔ ደግሞ ተገላቢጦሹን ነው የማየው። 100 ሲባል ሰውየውን ማየት አያስፈልግም፤ ጠርሙሱን ማየት ይበቃል። በልኩ ስጥ ሲባል ግን ተነሥቶ ቁመት መለካት አለበት፣ ሚዛን ላይ ማቆም አለበት፣ ካፖርት ማስወለቅ አለበት። አንድ ሰው እማማን ስካርፋቸውን አስወልቆ ቢመዝናቸው እንቅርታቸውን ያይ ነበር።

ታካሚዋ፦ በዚህስ ልጅቷ ረታች።

አንጋፋው፦ በዚህ አልሟገታትም። በ2022 የሆነውን ግን አስታውሽ። ሻንጋይ በኮቪድ ተዘግታ ኮንትራስት የሚያመርተው የጂኢ ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም በዓለም ላይ የኮንትራስት እጥረት ሆነ። ያኔ «በኪሎ አስሉ» የሚል መመሪያ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ለታካሚው ታስቦ ነው? ጠርሙስ ለመቆጠብ ነው። ቁጠባ ሲፈለግ የሚመጣ ሳይንስ፣ ቁጠባው ሲያልፍ አብሮ እንዳይሄድ እሰጋለሁ።

ወጣቷ፦ ምክንያቱ ቁጠባ ቢሆንም፣ ሊሠራ አይችልም የተባለው በሳምንታት ውስጥ ተሠራ። ቁጠባን ደግሞ አይናቁት። አገር ቤት ቤተሰብ ኮንትራስቱን ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ይዞ እንዲመጣ ሲታዘዝ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጠርሙሱ የ50 ሚሊ ከሆነ፣ 100 ማለት ሁለት ጠርሙስ ነው። 42 ኪሎ የሆነች ሴት በኪሎ 520 ቢሰላላት 62 ሚሊ ይበቃታል። የጨረሩ ቮልቴጅ ከ120 ወደ 100 ኪሎ ቮልት ቢወርድላት አዮዲኑ ይበልጥ ይነጣል፤ በ10 ኪሎ ቮልት አሥር በመቶ መቀነስ ይቻላል የሚለውን ልክ ከያዝን 50 ሚሊ ይሆናል። አንድ ጠርሙስ ማለት ነው። የሁለተኛው ጠርሙስ ገንዘብ ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት ይቀራል።

አንጋፋው፦ ማሽኑ አዲስ ከሆነ። ባረጀ ማሽን ቮልቴጁን ስታወርጂ ፊልሙ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። 62 ሚሊ በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ሁለተኛው ጠርሙስ ይከፈታል፤ 38 ሚሊው ይጣላል፤ ለቤተሰቡ የተረፈ ሳንቲም የለም። ይባስ ብሎ የተረፈው ለሚቀጥለው ታካሚ ይቀመጥ ከተባለ ኢንፌክሽን ጠራሽ። ስሌትሽ የሚያተርፈው 50 ላይ ልክ ለሚያርፍ ሰው ነው።

ወጣቷ፦ ለእነዚያስ ቢሆን አይገባም? ከካንሰር ጋር የሚታገሉ፣ ሥጋቸው ያለቀ ሰዎች ናቸው።

አንጋፋው፦ ይገባል። ለእነሱ ይገባል። አሁን የመጨረሻውን ልጠይቅሽ። ጥናቶቹን አንብቤያለሁ ትያለሽ። አብዛኞቹ የሚለኩት ምንድን ነው? የጉበቱን ነጭነት። ቁጥሩ ከሰው ሰው እኩል ሆነ ይላሉ፤ ሐኪሞቹ ፊልሙ አማረ ይላሉ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። በአንቺ ስሌት የተገኘ፣ በእኔ 100 ሊታለፍ የነበረ ዕጢ ስንት ነው? ስንት ሰው በዚያ ዳነ? ያንን በግልጽ ሳታሳዪኝ፣ የደከመን ባለሙያ ተጨማሪ ስሌት ማሸከም ይከብደኛል።

ወጣቷ፦ አንዲት ሴት ላሳይዎት። ለጥናት ሳይሆን ለማሰብ። 80 ኪሎ ሆና የመጀመሪያውን ሲቲ ትነሣለች፤ በ100 ሚሊ በኪሎ 437 ሚሊ ግራም ይደርሳታል። ኬሞ ጀመረች፣ ከሳች፣ 60 ኪሎ ሆና ተመለሰች። አሁን በዚያው 100 በኪሎ 583 ይደርሳታል። ጉበቷ ከበፊቱ በጣም ነጥቷል፤ በመጀመሪያው ፊልም ያልተለዩ ጉብታዎች አሁን ጠቁረው ጎልተው ታዩ። ሐኪሙ «አዲስ ወጣ፣ ኬሞው አልሠራም» ቢል ማን ይፈርድበታል? የሠራን መድኃኒት ሊያስቆሙባት ነው። በልክ ቢሰጣት ሁለቱ ፊልሞች የሚነጋገሩት በአንድ ቋንቋ ነበር።

አንጋፋው፦ ከተናገርሽው ሁሉ የከበደኝ ይኼ ነው። የካንሰር ክትትል ላይ እሺ። ግን እዚያም ማሽኑ አንድ፣ ቮልቴጁ አንድ፣ ጊዜው አንድ ካልሆነ የአዮዲኑ እኩልነት ብቻውን አይበቃም። ዋይት ሴንተር ያለ ሰው መጀመሪያ ቡሪየን ይነሣል፣ በሚቀጥለው ፈርስት ሂል ይልኩታል፣ ቀጥሎ ኢንሹራንሱ ሌላ ቦታ ይለዋል።

ወጣቷ፦ እንግዲያው የተሰጠው መጠን ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ፤ ስንት ሚሊ፣ ስንት ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ በስንት ቮልቴጅ። ሁለተኛው ሐኪም ቢያንስ ልዩነቱን አውቆ ያንብበው።

ታካሚዋ፦ ሁለታችሁም የተማራችሁ ናችሁ። እኔ ግን ማክሰኞ ነው የምሄደው። ምን ልበላቸው?

ወጣቷ፦ እማማ፣ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ግዴታው ነው፤ ቀድመው ይጠይቁ። ሳይመዝኑኝ እንዳትወጉኝ ይበሉ። እንቅርት እንዳለብዎት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይንገሩ። ኩላሊትዎን የሚያምዎት ከሆነ፣ ለስኳር የሚወስዱት ኪኒን ካለ፣ ስሙን ጽፈው ይያዙ። ከዚህ በፊት የተነሡበትን ቦታ ይጥቀሱላቸው፤ ፊልሙን ያስመጡታል።

አንጋፋው፦ ከሲቲው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ልብዎ ያለ ምክንያት ከመታ፣ ከከሱ፣ ካላበዎት፣ ዕድሜ ነው ብለው አይተዉት። ሐኪምዎ ጋ ሄደው ኮንትራስት መወጋትዎን ይንገሩ።

ታካሚዋ፦ በመጠኑስ? ስንት ይስጡኝ?

አንጋፋው፦ በዚያ ላይ ከልጅቷ ጋር አልተስማማንም። ቀመሩን ማስረጃው ሲጠናከር እቀበላለሁ፤ እስከዚያ በሦስት በአራት ደረጃ የተከፈለ መጠን፣ ለትንሽ፣ ለመካከለኛ፣ ለትልቅ አካል፣ ይበቃኛል። ሚዛኑ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሲቲ ክፍሉ በር ላይ ይቀመጥ፤ በኪሎ ብቻ የሚያነብ ሚዛን።